ለአያ ፈንታ ያወረድኩት ሙሾ

ሐሙስ፣ ሰኔ 4

ከሰዓት በኋላ ቀሐ፣ እነሄለን ቤት አዲሱን ጨዋታ ተጫወትን። እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን ታሪክ እንፈጥራለን፤ የያዝነው ሰው በንግግር የማይወጣለት ነገር ሲገጥመው በካራኦኬው ማይክ መዝፈን ግዴታ ነው። እኔ ባሏ የሞተባት የጠዳ ገበሬ ሆንኩ። የሟቹን ስም ሲጠይቁኝ አያ ፈንታ አልኩ፤ እንዲሁ አፌ ላይ መጣልኝ። በሬዎቹ ተጠምደው ቆመው ቀሩ እያልኩ ሙሾ አወረድኩ፣ ሦስቱ ጓደኞቼ ተቀበሉኝ።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታቸው እትዬ የሻረግ ናቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ለቅሶ መስሏቸው የመጡ መስሎን አፈርን።

«ይቅርታ እትዬ፣ ጨዋታ ነው፤ ማንም አልሞተም» አለች ሄለን።

እሳቸው ግን እኔን ነበር የሚያዩት። «ምነው ልጄ፣ ማን ነገረሽ? ወንድሜ ፈንታ በሬ እንደጠመደ ወድቆ ቀረ ብለው ከጠዳ የደወሉልኝ ገና አሁን ነው።»

ወንድም እንዳላቸው እንኳ አላውቅም ነበር።

የያዝኩትን ሰው ታሪክ የምጽፍበት የጨዋታው ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ለሚቀጥለው ሳምንት ጨዋታ በታሪኬ ውስጥ የሚሞተውን የሁለተኛውን ሰው ስም ጽፌበት ነበር። ቤት እንደገባሁ በእስክሪብቶ ደጋግሜ ሰረዝኩት።

አሁንም ይነበባል።