ለሚነዳ ልጅ የቀዳም ይጠየቅ

ይድረስ ለአንተ፣ ለጋሻዬ፤

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮው ጌሾ አጥሩን አልፎ ሄዷል። ልጅህ ድምፁ ጎርንኖ ቁርጥ አንተን ሆኗል፤ ከደጅ ሲጠራኝ የመጣህ እየመሰለኝ ብድግ እላለሁ።

የባጃጁ ልጅ ሙላት በሕይወት አለ፤ ትንሽ ያነክሳል። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ስታየኝ በነጠላዋ ፊቷን ትሸፍናለች። እኔም ሰላም ልላት እፈልግና አልፌያት እሄዳለሁ።

ትናንት ቀበሌ ጠርቶን ነበር፤ ጠጥተው ስለሚነዱ ልጆች ምን ይደረግ ተባለ። አንዱ፣ ባጃጅ ሲመሽ ይቁም አለ። እሰይ ብዬ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ምጥ የያዛትን ማን ሆስፒታል ያደርሳታል? ደግሞስ አንተ የሞትከው በጠራራ ፀሐይ አይደል! ሌላው ጠላ ቤቶች ለልጅ አይሽጡ አለ። ደግ ነው፣ ብዙውን ልጅ ያድናል። ሙላት ግን መቼ ጠላ ቤት ገባና? ትራፊክ ፖሊሱ ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ ይምጣልን፣ የተገኘበትም መንጃ ፈቃዱን ይነጠቅ አለ። እሱስ ያስፈራል። ግን መሣሪያው አስፋልት ላይ ይቆማል እንጂ እኛ ጓዳ ድረስ አይመጣም።

ያን ዕለት የሚካኤል ዝክር ነበር። ሙላት ከአንበሳሜ የመጡ እንግዶችህን መናኸሪያ ሊያደርስ መጣ። እነዳለሁ፣ ይቅርብኝ ብሎ ጣሳውን በመዳፉ ከደነ። አንተ ግን ከቤትህ ሰው ሳይጠጣ ወጣ እንዳይባል፣ አፈር ስሆን እያልክ ሞላህለት። አስደገምከው፣ አሠለስከው። የአባቱን እኩያ እምቢ ማለት ነውር ሆኖበት አንገቱን ደፍቶ ጠጣ። እንግዶቹን አብረህ ሸኘህ፤ ባዶውን ባጃጅ ይዛችሁ ስትመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጣችሁ። ወይኔ ጋሻዬ! ያ ልመናህ አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም፤ ሰው ቤት ጠላ ሲቀዳ በሰማሁ ቁጥር ያንተን ድምፅ እሰማለሁ።

ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። ለሚነዳ ልጅ የቀዳ ሰውም ይጠየቅ አልኩ። አንድ ሽማግሌ፣ ልጄ፣ በዚህ ሕግ መጀመሪያ የሚነሣው የማን ስም እንደሆነ ገብቶሻል ወይ አሉኝ። አልተቀመጥኩም። አገር ያለቀሰለትን ስምህን በሰው ፊት ጠርቼ፣ አዎን፣ የሱ ነው አልኩ። ከኋላዬ የሙላት እናት ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ ሰማሁ።

ተቀየምከኝ? ብትቀየመኝም ቻለው፤ እኔም ብዙ ችያለሁ። እስክሞት አልረሳህም፤ ግን ግማሽህን መርጬ አላስታውስህም። ልጅህ ዘንድሮ መንዳት ልማር እያለኝ ነው። አባትህ ደግ ሰው ነበር እለዋለሁ። ደግነቱ እንደገደለውም እነግረዋለሁ።