ዋሴ እማሆይ አማረች

ሐምቡርግ፣ ጥቅምት ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ወንድሜ መሪጌታ ታፈረ፣

ማዕረግህ አንቱ ቢያሰኝም፣ ጋይንት ቤተ ልሔም የቆሎ ተማሪ ሳለን ከአንድ አኮፋዳ በልተናልና አንተ ልበልህ። ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም። የብራና መጻሕፍት የምመዘግብበትን ሥራ ትቼ በአርባ ዓመቴ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ልማር ተነሣሁልህ። ዛሬ የሥራ ቪዛዬን በተማሪ ቪዛ ላስለውጥ የመንግሥት ቢሮ ገባሁ።

ጸሐፊዋ «ደመወዝዎ ሲቀር ምን ይበላሉ?» አለችኝ።

ጥያቄው ራሱ ገረመኝ። «ተማሪ አይደለሁ? በየደጁ ዞሬ እለምናለሁ» አልኳት።

ብዕሯ ከእጇ ወደቀ! ሁለት ሹማምንት ጠርታ አስደገመችኝ። ለካስ እዚህ ልመና ወንጀል ነው፤ የሚመግበው ዋስ የሌለው ተማሪም ወደ አገሩ ይመለሳል። እኛ ጋ ሳይለምን የተማረ ማን አለ? እነሱ በእኔ ደነገጡ፣ እኔ በእነሱ።

«ታዲያ ባገርዎ ሲማሩ ማን ነበር የሚያበላዎት?» ስትለኝ፣ «እማሆይ አማረች፣ ጋይንት» አልኩ። እሷ ሆዬ፣ «ዋስ» በሚለው መስመር ላይ ስማቸውን ጽፋ ማኅተም መታችበት! «ለማረጋገጫ እንጽፍላቸዋለን» ብላ አሰናበተችኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ልጆችህን ሳምልኝ፤ የየኔታን ጉልበት ሳምልኝ። ይህ እንደ ደረሰህ ግን እማሆይ ዘንድ ሂድ፤ ደብዳቤው ሲመጣ እንዳይደነግጡ። «ያበሉታል ወይ?» ከተባሉ «አዎ» ይበሉ። ሐሰት አይሆንባቸውም፤ ተማሪ ከደጃቸው መልሰው አያውቁም።

ወዳጅህ አዱኛ