የቤርሲ ስልክ እስኪከፈት

ቤርሲ፣
ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቀሽ ብዪ።

ስልክሽን አትፈልጊው፣ ይዤው ሄጃለሁ። ስታክ እያደረገ ሲያስቸግርሽ ላግዝሽ ብዬ ሪሴት ያደረግኩት እኔ ነኝ። የድሮ አሠሪሽ ሆዶ ስትሰጥሽ በራሷ ኢሜይል እንደከፈተችው አላወቅኩም። አሁን የሷን ፓስወርድ ካላስገባን አልከፈትም ይላል። ዳሚ ሰፈር ያለው ስልክ ጠጋኝም ያለ እሷ አይሆንም ብሎኛል።

ትናንት "እኔው ተመልሼ እለምናታለሁ" ስትዪ ልቤ አልተቀበለውም።
ጠዋት ደወልኩላት። እስከ ዒድ ቤት የምትሠራልኝ ሰው ላኪና እከፍተዋለሁ አለች። ማን እንደምትመጣ ግድ የላትም፤ በአንቺ ፈንታ እኔ ሄጃለሁ።

ሐሙስ ሹፌሯ ጉሌድ ስልክሽን ያመጣልሻል። እንደደረሰሽ ሴቲንግ ግቢና የሷን አካውንት አጥፊ፣ ከዚያ የራስሽን አስገቢ። ሌላ ጊዜ ስልክ የሚሰጥሽ ሰው ካገኘሽ መጀመሪያ የማን አካውንት እንዳለበት እዪ።

እስከዚያ በኔ ስልክ ተጠቀሚ፤ ትራሴ ሥር ነው። የቻርጀሩን ገመድ ወደ ግራ ካላዘነበልሽው አይሞላም። ስክሪኑ ከላይ በኩል አይሠራም፣ እዚያ ያለውን ለመንካት አግድም ያዢው።
ብወስደውም አይጠቅመኝም። እዚያ ቤት የሠራተኛ ስልክ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደሚቆለፍ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።

እናቴ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ሸዋዬ ገበያ ሄዳለች በያት።
አንቺ እዚያ በነበርሽበት ጊዜ እኔም ለእናትሽ እንደዚያ እያልኩ ነው የከረምኩት።

ሸዋዬ