የሁሴን ሳልና የቴሌቪዥኗ ዶክተር

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9። ከምሽቱ 2 ሰዓት

ሀያቴ አሁን ከቴሌቪዥኑ ወጣች። ዛሬ ስለ ደም ግፊት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤቱ ሁሉ የልጅ ልጄን ሊያይ እኔ ቤት ይሰበሰባል። ፊቷን ዱቄት ቀብተዋታል። ደውዬ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የምትሠሪው አልኳት። ሳቀች። ድምፅዋ ግን ደክሟል፤ ሆስፒታል ተረኛ ሆና አድራ፣ ከዚያው ስቱዲዮ። ምሳ? አልበላችም። ሰውን ብሉ ትላለች፣ ዶ/ር ሀያት።

ሁሴን፣ የልጅነት ጓደኛዬ፣ እንደ ወትሮው በሩ ጥግ ተቀመጠ። ሀያት ከቴሌቪዥኑ እንደምን አመሻችሁ ስትል «አልሃምዱሊላህ! አካም ጅርታ፣ ልጄ?» ብሎ በኦሮምኛ ደህንነቷን ጠየቃት። ሳል ሲመጣበት አፉን በፎጣ ሸፍኖ ፊቱን ያዞራል። አምና፣ እሷም ከወዲያ ሆና ታየናለች ብዬው ነበር። አመነ። ቀልድ መሆኑን እስካሁንም አልነገርኩትም። አትሳቅ፣ ደብተር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሁሴን ጨፋ ሜዳ ወርዶ ማሽላውን አይቶ ተመለሰ። ኮቱ ሰፍቶታል። ኮቱ መቼም አላደገም። ሚስቱ ከድጃ ጠርታ ነገረችኝ፦ ካሳለ ወር ሊሞላው ነው፣ ሲተኛ ያልበዋል። ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ሀያት እንዲህ ያለውን ሳል አትናቁ ትላለች አልኩት።

«እንደ አህያዋ ወተት?» አለኝ።

ባለፈው ዓመት ዶክተሯ ለጉልበትህ የአህያ ወተት አዛለች ብዬው ሦስት ቀን የጎረቤቱን አህያ ሲለማመጥ ሰንብቷል። አህያዋ ረገጠችው። አሁን ወላሂ ብዬ ማልኩለት። ይባስ ሳቀ። ሲስቅ ሳሉ ቀሰቀሰው፣ ሳሉ አላቆም አለ። እኔ አልሳቅኩም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14። ከሰዓት

ሀያት ጋ ደወልኩ። በሁለት በሽተኛ መሃል አገኘኋት። የአህያዋን ወተትም ተናዘዝኩ። ተቆጣች፤ በስሜ መድኃኒት የሚያዝ አያት አልፈልግም አለች። ልክ ናት። አክታው ዛሬ ነገ ሳይባል ይመርመር አለች። እንግዲያው ቅዳሜ ስሙን ጠርተሽ ንገሪው ብላት፣ የሰው ሕመም በአደባባይ አይጠራም አለችኝ። ከዚያ፦

«አባባ፣ በቴሌቪዥን ስንቱን እመክራለሁ። እጁን ይዤ ምርመራ የማስገባው ግን አንድም የለም። አንተ ያዘው።»

ታካሚ ጠራት፣ ዘጋችው። ያቺ ጥርሷ ሲነቀል እጄን ነክሳ ያደማችኝ ልጅ!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16። ምሽት

ርዕሷን ቀይራ መጣች። ስለ ሳል። ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ላብ ካለው፣ ሰውነት ከቀነሰ፣ ተመርመሩ፤ በጊዜ ከተያዘ ይድናል። መስኮት ክፈቱ። ስም አልጠራችም። ቤቱ ሙሉ ሰው ግን ዞሮ ሁሴንን አየ። ሁሴን እኔን አየኝ።

«ይቺን አንተ ነህ ያስጠናሃት» ብሎ ፎጣውን አንስቶ ወጣ።

ቀልዴ የልጅቷንም ቃል አረከሰባት። እራት አልበላ አለኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18። ከጧቱ 1፡30

ትናንት ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ሁሴን ቤት ሄድኩ። አመመኝ፣ ጎኔን ይወጋኛል፣ ብቻዬን ጤና ጣቢያ መሄድ ፈራሁ አልኩት። ሳቁ ጠፋ። ግንባሬን ዳሰሰ። በእኛ አገር ታማሚ ብቻውን አይሄድም፤ ኩርፊያውን እዚያው ጣለና በጧት ባጃጅ ይዤ እመጣለሁ አለ። ወንድሜ! ይህን ሁሉ ውሸት ሲያምን፣ እውነቱን ብቻ እንቢ አለኝ።

ወስኛለሁ። ካርድ ክፍል ስንደርስ ካርዱን የማወጣው በሱ ስም ነው። እዚያው፣ ነርሷ ፊት፣ ዋሽቼ እንዳመጣሁት እነግረዋለሁ። እጁንም አልለቅም። ያኮርፈኛል፤ ምናልባት ቅዳሜ ቤቴ አይመጣም፣ ምናልባት ጭራሽ አያናግረኝም። ያኩርፍ። አኩርፎ ይኑርልኝ።

ባጃጁ ደጅ ቆመ። ስሜን እየጠራ ነው፣ በመሃል ያስላል። የቱን ጎኔን ነበር ያልኩት፣ የግራውን ወይስ