አፕሎቹና የእትዬ ዘይነባ ላም

ማክሰኞ
የሰፈሩ እድር፣ ቅሬው፣ ጠራን። በአጥሩ ምክንያት ነው። ስንዴ ከታጨደ በኋላ ማሳ ሁሉ ለሰፈሩ ከብት ይለቀቃል፤ እኛ ግን ዘንድሮ እዚህም እዚያም አፕል ስለተከልንበት የኛን ዙሪያውን በእሾህ አጠርነው። ችግኞቹን ከመካነ ሰላም በሚኒባስ ታቅፌ ነው ያመጣኋቸው። ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ነበር።

ባሌ ይመር፣ «የመሬቱ ደብተር በስማችን ነው» አለ። የቅሬው ዳኛ አባ ሰይድ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «መሬቱማ የናንተ ነው። አንዱ ሲያጥር ዝም ካልን ግን ነገ ሁሉም ያጥራል። ያኔ ዘይነባ ላሟን የት ታውላት?»

እትዬ ዘይነባ ጎረቤታችን ናቸው። መሬት የላቸውም፣ ያለቻቸው ያቺ ላም ብቻ ናት። አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። እስከ አርብ አስቡበት ተባልን።

ረቡዕ
ይመር አኩርፏል። አጥሩ ከተነሳ ችግኞቹ ባንድ ቀን ያልቃሉ። ካልተነሳ እትዬ ላሟን ይሸጣሉ። አራስ ሆኜ ወተት ያመላለሱልኝ ከዚህችው ላም እናት ነው። ሁለቱንም እፈልጋለሁ፣ ምን ላድርግ?

ሐሙስ
እትዬ ራሳቸው መጡ። «አጥሩን አንሱት። እኔ ላሜን ይዤ አፕሎቹ መሀል እውላለሁ። የማንም ከብት አይነካብሽም፣ አብሽሪ።» እጃቸውን ሳምኩ። ይመር ሳይወድ በግዱ እሺ አለ።

አርብ
ቅሬው ተስማማ፤ አባ ሰይድ መረቁን። ይመር እሾሁን እየጎተተ፣ «አንዲት ችግኝ ብትበላ መልሼ ነው የማጥረው» ብሎ ማለ። ሲምል ደግሞ አይቀልድም።

ቅዳሜ
ከብቱ ገባ። እትዬ ዱላቸውን ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ዋሉ። ከሰዓት ምሳ ይዤላቸው ስሄድ አንዷ ችግኝ ጫፏ የለም። የተበላው ላይ ከሻሻቸው ቀደው አስረውበታል።

«የኔዋ ናት» አሉ ቀና ብለው ሳያዩኝ። «የቀትሩን ዙሁር ስሰግድ። ወላሂ፣ የሌላ ሰው ከብት እንኳ አላስጠጋሁም።»

አንጀቴን በሉት። ይመር እንዳያያት ችግኟን የባሕር ዛፍ ቅጠል አለበስኳት። ማታ ይመር ሁሉም ደህና እንደሆኑ ሲጠይቀኝ፣ «ደህና ናቸው» አልኩት። የተበላችው ታቆጠቁጥ እንደሆነ እንጃ።

ነገ እሳቸው ሲሰግዱ ላሟን እኔ እይዛለሁ።