ባለቤት ያለው ዓረፍተ ነገር

ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን፣ ከምሳ በፊት

ለልጄ፤

እንደምን ነሽ ብዬ አልጀምርም። ስምንት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ጠይቄሽ አንድም ቀን አልመለስሽልኝም፤ ደህና መሆንሽንም የምሰማው ከባልሽ ነው። እኔ፣ ባትጠይቂኝም፣ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ብቻ ጉልበቴን ያመኛል።

መልእክትሽ ስልኬ ላይ ከገባ ዛሬ አሥራ አምስት ቀኑ ነው። ሁለት መስመር። «አባዬ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጄን ይዤ ልመጣ አስቤያለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከአንተ አንድ ዓረፍተ ነገር እፈልጋለሁ፤ ባለቤት ያለው።» ሰላምታ የለው፣ ስንብት የለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዋስው ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ባለቤት ማለት የድርጊቱ ፈጻሚ መሆኑን ላንቺም ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ። አሁን ጊዜው ደርሶ የቤት ሥራ ሰጪዋ አንቺ ሆንሽ። አንብቤ ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውሬ ወጣሁ። ተመልሼ ደግሞ አነበብኩት።

የትኛውን ዓረፍተ ነገር እንደምትፈልጊ ያልገባኝ አልመስልም። እናትሽ አረፈች ብዬ በደወልኩልሽ በሁለተኛው ቀን፣ ቀብሩ ካለፈ በኋላ ከነሻንጣሽ ደረስሽ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ታማ እንደነበር ከታች ያሉት ጎረቤቶች ነግረውሻል። ካፖርትሽን ሳታወልቂ ኮሪደሩ ላይ ቆመሽ «ለምን አልነገርከኝም?» አልሽኝ። «ሳይነገርሽ ቀረ» አልኩሽ። «ማን ነው ያልነገረኝ?» ስትይኝ «በቃ፣ ነገሩ ሳይነገር ቀረ» አልኩ። አራት ቀን ተቀምጠሽ ሳትሰናበቺኝ ሄድሽ። «ሳይነገርሽ ቀረ» እኮ አንድም እንከን የሌለው አማርኛ ነው። የቀረው ነገሩ ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ ነገሩ ነው። ይህን መከራከሪያ ፊቴን ስታጠብ፣ ጫማዬን ሳስር፣ ለራሴ ስንት ጊዜ እንደደረደርኩት ብታዪ ትስቂብኝ ነበር።

በተለይ አንቺ ትስቂብኛለሽ። ዘጠኝ ዓመትሽ እያለ የመኝታ ቤቱን መብራት ብርጭቆ «ተሰበረ» ብለሽ መጣሽ። «ራሱን በራሱ ሰበረ?» ብዬ፣ «እኔ ሰበርኩት» እስክትይ ድረስ በሩ ላይ አቆምኩሽ። እናትሽ ከማድ ቤት «ልጅቷን ልቀቃት እንግዲህ፣ ገብቷታል» ስትል ነበር። አሁን ማተሚያ ቤት እርማት ስሠራም ያው ሰው ነኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ መጽሔት ላይ «ስሕተት ተፈጽሟል» የሚል አገኘሁና ኅዳጉ ላይ በቀይ «በማን?» ብዬ ጻፍኩበት። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ «ጋሼ፣ እርስዎ ፊደሉን ብቻ ይዩልን፤ ደንበኛ ያሸሹብናል» አለኝ። ተጨቃጭቀን ወጣሁ። ፌርማታው ላይ ደግሞ «ውሃ ስለሚቋረጥ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ማን ነው የሚያቋርጠው? ሰው አይደለም እንዴ? ቆሜ ስብከነከን የራሴው ዓረፍተ ነገር ትዝ አለኝ፤ አውቶቡሱም አመለጠኝ።

አሁን የምነግርሽን አታምኚም። የናንተን አገር ቋንቋ መማር ጀምሬያለሁ። ማክሰኞና ዓርብ ከሥራ መልስ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ባለችው ክፍል፣ መደገፊያ በሌለው ወንበር ላይ።

ያስጀመረችኝ ልጅሽ ናት። ባልሽ ድምፅዋን በስልኩ እየቀረጸ ይልክልኛል፤ እንዳትቆጪው፣ ለምኜው ነው። «አያቴ፣ አንቺ ደህና ነሽ?» ትለኛለች። «የኔ ልጅ፣ አያት ወንድ ሲሆን አንተ ነው፤ ለትልቅ ሰው ደግሞ እርስዎ ይባላል» ብዬ ላክሁላት። «ስንት አንቺ ነው ያላችሁ?» አለችኝ። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ ብዬ ቆጥሬ «አራት» አልኳት። «እኛ አንድ ብቻ ነው ያለን። አንድ ይበቃሻል» አለችኝ። ይኸውልሽ፣ አራቱንም አውርሼ ያሳደግኳት ልጅ ለልጇ አንዷን እንኳ በቅጡ አላወረሰችም። በሌላ ቀን ደግሞ «እኔ ናፈቅኩ አንቺን» አለችኝ። ምኑን ትቼ ምኑን ላርም? «ናፈቅከኝ» ነው የሚባለው። በእኛ ቋንቋ አድራጊው የተናፈቀው ሰው ነው፤ ናፋቂው የሚደርስበትን ይቀበላል እንጂ ምንም አያደርግም። ይህን ላስረዳት ስልኩን አንሥቼ ተውኩት። አምስት ዓመቷ ነው፣ ናፍቆቱንም ራሷ ሠርታ ልካልኛለች። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት።

የቋንቋችሁ ነገር ግን ያበሳጫል። አንድም ግሥ ብቻውን ከቤት አይወጣም፤ ከፊቱ ተውላጠ ስም ካልመራው አይንቀሳቀስም። ዘነበ ለማለት እንኳ «እሱ ዘነበ» ነው የምትሉት። «እሱ ማን ነው?» ብዬ እጄን አወጣሁ። መምህሯ የተማሪዎቼ ልጅ የምትሆን ወጣት ናት። «ማንም አይደለም አባባ፤ ቦታ መያዣ ነው» አለችኝ። አውቶቡስ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ቦርሳ ማለቷ ነው። ሰማይ ላይ ቦርሳ የሚያስቀምጥ ቋንቋ።

አጠገቤ የሚቀመጠው ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ እሱም ከልጅ ልጆቹ ጋር መግባባት አቅቶት ነው የመጣው። መምህሯ «ተሳቢው ከግሡ በኋላ ይመጣል» ስትል ሾፌሩ ነቃ አለ። «ታዲያ ተሳቢ የት ሊሆን ኖሯል? ልኮቹ እነሱ ናቸው። የኛ አማርኛ እኮ ተሳቢውን ከፊት አስቀድሞ ሞተሩን ከኋላ ያመጣል። እንዲህ የሚነዳ ሰው መንጃ ፈቃዱን ነው የሚቀማው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ተናድጄ «ግሡ መጨረሻ ላይ ሲሆን ሰው እስከ መጨረሻው ያዳምጣል» አልኩ። ሾፌሩ ግን አልበረደም። «እኔ ወደብ ስመላለስ የለመድኩት ቋንቋ ደግሞ ግሡን ያስቀድማል። ‹መታ› ይልና ማን ማንን እንደመታ ቆይቶ ይነግርዎታል። እስከዚያ መሸሽ ነው» አለኝ። ሳልወድ ሳቅሁ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ሰው ፊት ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

በዚያው ሰሞን ስለ ውሏችን አምስት ዓረፍተ ነገር ጽፈን እንድናነብ ታዘዝን። ተነሥቼ አነበብኩ፤ ተነሣሁ፣ ቁርስ በላሁ፣ ሥራ ሄድኩ፣ በናንተ ቋንቋ። እንደ ልማዴ ተውላጠ ስሙን ሁሉ ትቼዋለሁ። መምህሯ አስጨረሰችኝና ፈገግ ብላ «ባለቤትዎስ አባባ?» አለች።

«አርፋለች» አልኳት።

ክፍሉ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ሾፌሩ ብቻ አልሳቀም። መምህሯ ደነገጠች። «ይቅርታ አባባ፣ የዓረፍተ ነገሩን ማለቴ ነበር» አለችኝ። «ገብቶኛል» አልኳት። አልገባኝም ነበር። ሚስትንም የዓረፍተ ነገርንም ራስ በአንድ ቃል የሰየሙት ሰዎች ምን አስበው እንደሆነ እንጃላቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ኖሬ ቃሉ የሁለት ሰው መሆኑን ያስተዋልኩት ያን ቀን ነው።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ወደ ዋናው ነገር ላለመግባት መሆኑን ገና ከመጀመሪያው መስመር እንዳወቅሽብኝ አውቃለሁ። ልግባ።

ባለፈው ማክሰኞ የተማርነው ሌላ ሰው የተናገረውን እንዴት እንደምታወሩ ነው። «በዚህ ቋንቋ ‹እኔ› ያለው ሰው ሲወራለት ‹እሷ› ወይም ‹እሱ› ይሆናል» አለች መምህሯ። እናንተ «እንደምትመጣ ተናገረች» ነው የምትሉት። እኛ ግን «እመጣለሁ አለች» እንላለን። «እመጣለሁ» ውስጥ ያለው እኔ የአውሪው አይደለም፣ የሷ ነው። በእኛ ቋንቋ ሰው የሌላውን ሰው «እኔ» በራሱ አፍ ይናገራል፤ ማንም አያቆመውም። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳስተማረች አልሰማሁም።

እናትሽ በታመመች በመጀመሪያው ሳምንት «ንገራት» አለችኝ። ሐኪሙ ጊዜው አጭር ነው ብሎኝ ነበር፤ እሷም ማንም ሳይነግራት አውቃለች። በማግስቱ «ነገርካት?» አለችኝ። «ነገርኳት» አልኩ። «ምን አለች?»

«እመጣለሁ አለች» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ማቆሚያ አጣሁ። «መቼ?» ስትለኝ «ፈተናዬን እንደጨረስኩ አለች» አልኩ። በሌላው ቀን «ቲኬት ቆረጥኩ አለች» አልኩ። «አባዬ፣ በደንብ አብላት አለች» ሁሉ ብያለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባንቺ «እኔ» ስናገር ከረምኩ። አንቺ ደውለሽ «እማዬስ?» ስትይኝ ደግሞ «ተኝታለች፤ ደህና ናት» እልሽ ነበር። አንቺ አምነሽኝ ትዘጊዋለሽ፤ እሷም አምናኝ ትተኛለች።

ፈተና ላይ ስለነበርሽ እንዳትረበሺ ነው የሚል ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር። ፈተናሽ በሁለተኛው ሳምንት አለቀ፤ ያኔም አልደወልኩም። እውነቱ ይኼ ነው። ከነገርኩሽ ትመጫለሽ። አንቺ ሥራሽንና ልጅሽን ጥለሽ ከመጣሽ ደግሞ እናትሽ በእርግጥ ልትሞት ነው ማለት ነው። ስልኩን ባነሣሁ ቁጥር ይኼ ይመጣብኛል፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ፈርቼ ነው ልጄ። ሌላ ስም የለውም።

በመጨረሻው ረቡዕ «ፀጉሬን እጠብልኝ፤ ልጄ እንዲህ ሆኜ እንድታየኝ አልፈልግም» አለችኝ። ወንበር ላይ ትራስ ደርቤ አስቀመጥኳትና በጆግ እያፈሰስኩ አጠብኳት። ውሃ ጆሮዬ ገባ ብላ ተቆጣችኝ፤ ሻምፑውን ደግሞ አበዛኸው አለችኝ። አንቺ የምትተኚበትን አልጋ አንሶላ አስቀየረችኝ። ዓርብ ጠዋት ዓይኗን ሳትገልጥ «ደረሰች?» አለች። «መንገድ ላይ ናት» አልኳት። «እሺ» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

እንግዲህ የጠየቅሽኝ ይኸው። እናትሽ ንገራት አለችኝ፤ እኔ አልነገርኩሽም። እናትሽን እኔ ዋሸኋት። «አልነገርኩሽም» ካልኩ «እኔ» ትርፍ ነው፤ ተማሪ ቢጽፈው እሰርዘው ነበር። ይቆይ።

ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት ገና ነው፤ መጀመሪያ በደንብ ተቆጪኝ። ላንቺ የሚሆን አንድ ነገር ግን አለኝ። እናትሽ ቀረችብኝ ብላ አላዘነችብሽም። አንቺን ስትጠብቅ ደስ ብሏት ነበር። እኔ የሠራሁት ደስታ መሆኑን እያወቅኩ ፊቷን ሳይ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትመጪ እንደሆነ አላውቅም። ይህን ካነበብሽ በኋላ ባትመጪ አልፈርድብሽም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ባልሽን አታስደውዪው። «እመጣለሁ አለች» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከእንግዲህ ከማንም አፍ ብሰማው አላምነውም። «እመጣለሁ»ም ከሆነ፣ «አልመጣም»ም ከሆነ፣ አንቺው ራስሽ ንገሪኝ።

እግዚአብሔር አንቺንም፣ ባልሽንም፣ ትንሿንም ይጠብቅልኝ።

አባትሽ