ሻንጣው ማን ጋ ነበር

ጥቅምት 2፣ ቅዳሜ

ለገና የምናሳየው ድራማ ልምምድ ነበር። ማራናታ እንደ ልማዷ መሀል ገብታ የሌላ ተዋናይ ቃለ ተውኔት ተናገረች። ወንድም መሸሻ፣ የወጣቶች ኅብረታችን መሪ፣ "አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" አላት። ሁሉም ሳቀ። እሷም ሳቀች። እኔም... ትንሽ።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ሐኪም ቤት ወረፋ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ማራናታ! "ሔሉ! አንቺም ትኩረት ማጣት ነው?" ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ለዚሁ ክኒን መውሰድ ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ። ከእማዬ በቀር የሚያውቅ የለም። እሷማ የራሷን ለኅብረቱ በሙሉ አውርታለች... ምን አተረፈች?

"ለማንም እንዳትነግሪ።"

"በጌታ፣ አልናገርም።"

ማራናታ ደሞ መቼ አፏን ዘግታ ታውቃለች?

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

አልተናገረችም። ይገርማል።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ወር ሙሉ የሰፉትን የድራማ ልብስ እንድናመጣ እኔንና ማራናታን ላኩን። ከአየር ጤና ታክሲ ያዝን። ልብሱ ያለበት ሻንጣ እኔ ጋ ነበር። እግሬ ሥር። እሷ ታወራለች፣ እኔ በመስኮት አያለሁ፣ ሐሳቤ የት እንደሄደ እንጃ... 18 ማዞሪያ ወረድን። ባዶ እጄን ያየሁት ታክሲው ከሄደ በኋላ ነው። ሮጥን። የለም።

"ማን ጋ ነበር?" አለ ወንድም መሸሻ፣ ልምምዱ ቦታ ስንደርስ። ዓይኑ ግን እሷ ላይ ነው። የሁሉም ዓይን።

ማራናታ ወደ እኔ ዞረች። "ሔሉ፣ እኔ ነበርኩ እንዴ የያዝኩት?"

የምሯን ነው። አታስታውስም።

"አዎ፣ ያዥልኝ ብዬሽ ነበር እኮ" አልኩ።

ጥቅምት 24፣ እሁድ

ለምን አልኩ?... እሷ ለምዳዋለች። ይስቁባታል፣ አብራ ትስቃለች። እኔ አልችልም።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ስብሰባ። ወንድም መሸሻ "እንወድሻለን፤ አገልግሎት ግን ጨዋታ አይደለም" አላት። አብዛኛውን ልብስ የሰፉት እትዬ የሺእመቤት አለቀሱ። ከኅብረቱ ትውጣ የምትሉ? እጅ ወጣ። የኔም ወጣ። ማንም አላስገደደኝም።

"ሔለንም እኮ ክኒን ትወስዳለች" ብትል አልቆልኝ ነበር። አላለችም። የእትዬ የሺእመቤትን ጉልበት ስማ ሄደች።

ኅዳር 1፣ እሁድ

በድራማው የማርያምን ቦታ ለኔ ሰጡኝ። የማራናታ ነበር።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ሐኪም ቤት አገኘኋት። እንዳላየሁ ሆኜ ልመለስ ነበር፣ አየችኝ። ቁጭ ብላለች። እጇ ጭኗ ላይ፣ አንዴም አልተንቀሳቀሰችም። ማራናታ!

"መድኃኒቱን ጨመሩልኝ" አለች ቀስ ብላ። "ምን እንደያዝኩ እንኳን አላውቅም ብዬ ለሐኪሙ ነገርኩት። አሁን በር ቆልፌ እማዬን፣ ቆልፌያለሁ? እላታለሁ። የማስታውሰውን አላምነውም።"

የወረፋ ካርዴን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ።

"በስብሰባው ቀን አላናገርኩሽም፣ አፍሬ ነው። አንቺን አምነው ልከውሽ፣ በኔ ጦስ ተዋረድሽ። ይቅር በይኝ ሔሉ።"

አሁን ልንገራት? አንድ ቃል ነው... አፌን ከፈትኩ። ነርሷ ስሜን ጠራች። ማራናታ እጄን ይዛ ትጠብቃለች።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አልኳት።

አመሰገነችኝ።